አዳማ ነኝ፣ የቻይና የጦር ቀስት ላስመጣ ነው፤ «ቺንግ» ልበል ወይስ «ሚንግ»?

ናዝሬቴው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው የምኖረው። በአማርኛ ስለ ቀስት የሚያወራ ሰው ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፣ በመጨረሻ እዚሁ ልጠይቅ ብዬ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ግቢ ውስጥ ማሽን የሚተክል አንድ ቻይናዊ ቴክኒሻን አለ። እሁድ እሁድ ከመጋዘኑ ጀርባ ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ግንቡ ላይ ያስደግፍና ቀስት ይወረውራል። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቆሞ ሲይዘው ደረቱን ያልፋል፣ ሁለቱ ጫፎች ረጃጅም ናቸው፣ ወደ ፊት ተቀልብሰዋል፣ ገመዱ ደግሞ ጫፎቹ ሥር ያለች ትንሽ ጉብታ ላይ ቁጭ ብሏል። ሲለቀው «ጧ» ይላል። ጆንያውን አልፎ ግንቡን የነካም አለ።

ባለፈው እሁድ «ሞክር» ብሎ ሰጠኝ። እኔ ጂም የምሠራ ሰው ነኝ፣ ክንዴ አይታማም። ስስበው አገጬ ጋ ሳልደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው በሳቅ ሞተ። እሱን ብታዩት እኮ የአዳማ ነፋስ ሲነሳ ግንብ መያዝ ያለበት ዓይነት ቀጭን ነው፣ ግን ጆሮውን አሳልፎ ይስበዋል። ደግሞ በሦስት ጣት አይደለም፣ በአውራ ጣቱ ነው፤ ጣቱ ላይ እንደ ቧንቧ ቁራጭ ያለ ወፍራም ቀለበት አድርጎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም። የአክስቴ ልጅ ጓንጁ እየተመላለሰ ዕቃ ያመጣል፣ በሚቀጥለው ጉዞው አንድ እንዲያመጣልኝ ተነጋግረናል። ኢንተርኔት ላይ ስገባ ግን ግራ ገባኝ። አንዱ «ቺንግ» ይላል፣ አንዱ «ሚንግ»፣ አንዱ «ታታር»፣ አንዱ «ሃን»። አንዱ በተራ ሞባይል ዋጋ ይሸጣል፣ ሌላው ላይ በስህተት ዜሮ የጨመሩበት ነው የሚመስለው። ሁሉም ሥር «የጦር ሠራዊት ቀስት» ተብሎ ተጽፏል።

እና ጥያቄዬ፣ እነዚህ ነገሮች እውነት የድሮው ሠራዊት የያዘው ናቸው ወይስ ስም ብቻ ነው? «ቺንግ» ማለት ያ የሸክላ ወታደሮቹ የተቀበሩበት ንጉሥ ዘመን ነው አይደል? ጥንካሬውንስ 60 ፓውንድ ልበል? እችለዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ደግሞ ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ ከቀትር በኋላ ውስጡ ምጣድ ነው። ይጎዳዋል ወይ?

---

አውራ ጣት፦

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ከጥንካሬው ልጀምር፣ 60 ፓውንድ የሚለውን አሁኑኑ ሰርዘው።

የሸክላ ወታደሮቹ የ«ቺን» ናቸው፣ መጨረሻዋ ላይ «ግ» የለችም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 221 ላይ ቻይናን አንድ ያደረገው ንጉሥ ነው። «ቺንግ» ግን ማንቹዎቹ ናቸው፣ ከ1644 እስከ 1912 የገዙት። በመሃላቸው ወደ ሁለት ሺህ ዓመት አለ። አንተ ብቻ አይደለህም፣ ሻጮቹ ራሳቸው እያደባለቁ ይለጥፉታል። «ሚንግ» ደግሞ ከማንቹዎቹ በፊት የገዛው ሥርወ መንግሥት ነው። እንዲያውም ከሸክላ ወታደሮቹ ጉድጓድ የወጡት ቀስቶች እንጨታቸው በስብሶ አልቋል፤ የተረፈው በብዛት የነሐስ የፍላጻ ጫፍና ቃታ ነው። ቃታው ደግሞ የአግድም ቀስት ነው፣ እንደ ጠመንጃ ቃታ ተስቦ የሚለቀቀው፤ ዛሬ የምናወራው እሱን አይደለም።

ስለ ቃሉ ደግሞ አንድ ነገር። ሰፈር ውስጥ «ቀስት» ስንል አንዳንዴ የሚበረውን፣ አንዳንዴ የሚገተረውን ነው። ቀስተ ደመና እንደምንለው የሚገተረው ቀስት፣ የሚበረው ፍላጻ ይሁንልን፤ አለዚያ አንግባባም።

አሁን ወደ ዋናው። እውነተኛው የቻይና ጦር ቀስት አንድ እንጨት አይደለም። መሃሉ ቀርከሃ ወይም እንጨት ነው። ወደ ቀስተኛው ፊት በሚዞረው በኩል ቀንድ ይለጠፍበታል፣ የውሃ ጎሽ ቀንድ። በጀርባው በኩል የእንስሳ ጅማት እንደ ክር ተተልትሎ በሙጫ ይነጠፍበታል። ስትስበው ቀንዱ ይታመቃል፣ ጅማቱ ይለጠጣል፤ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ለመመለስ ይታገላሉ። ጉልበቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አውታሩን ስትፈታው ደግሞ ወደ ኋላው ይገለበጥና ግማሽ ክብ ይሠራል፣ አውሬ ነው።

የአክስትህ ልጅ የሚያመጣልህ ግን እንደዚያ አይደለም። ፋይበርግላስና እንጨት ኢፖክሲ በሚባል የፋብሪካ ሙጫ የተጣበቀ ነው። ሞባይል ዋጋ የተባለው እሱ ነው። ባለ ብዙ ዜሮው ምናልባት የቀንዱ ነው። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ» ስትል መልሱ፣ ቅርጹ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሥጋው አይደለም። ይህ ደግሞ ነውር የለውም፣ እኔ ራሴ በፋይበርግላስ ነው የምወረውረው።

ቅርጹ ላይ ግን አትታለል። ያ ቴክኒሻን የያዘው፣ በነገርከን ላይ ተነስቼ፣ ቺንግ ነው። ረጃጅሞቹ የማይታጠፉ ጫፎች ጆሮ ይባላሉ። አውታሩ የተቀመጠባት ጉብታ እዚህ ክራር ላይ በርኩማ የምንላት ዓይነት ናት። እነዚህ ሁለቱ አብረው ካሉና ቀስቱ ረጅም ከሆነ ቺንግ ነው ብትል አትሳሳትም። አጭር ቀስት ላይ ሁለት በርኩማ ሰክተው ቺንግ የሚሉት ግን አለ፣ 80 ሴንቲ እንኳ ሳይሳብ የሚጨነቅ። እሱን ዝለለው።

---

ሰባራ ቀስት፦

አውራ ጣት የሚለውን ስማ። የኔን ደግሞ ስማና ሳቅ።

እኔም አዳማ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ቺንግ ተብሎ የተሸጠ 50 ፓውንድ ቀስት ከአንድ ሻጭ ገዛሁ፣ ስሙን አልጠራም። 50 ፓውንድ ማለት 23 ኪሎ ገደማ ነው። እኔ «23 ኪሎ ምናላት፣ የሲሚንቶ ግማሽ አይደለች?» አልኩ። ሲሚንቶ በወገብና በእግር ነው የሚነሳው ወዳጄ። ይሄ በሁለት የትከሻ አጥንት መሃል ባለች ጡንቻ ነው፣ እሷን ደግሞ ጂም ውስጥ ማንም አያውቃትም።

ሁለት ሳምንት ትከሻዬን ቅባት ስቀባ ሰነበትኩ። ይህ አልበቃኝም፣ አንድ ቀን ወደ ሶደሬ ስንሄድ መኪና ውስጥ ከኋላ መስታወት ሥር ተውኩት። ገትሬው ነው የተውኩት ደግሞ። ከዋናው ወጥተን ስንመለስ መኪናው ውስጥ እጅ አያስገባም ነበር። ሳወጣው አንደኛው ጆሮ ትንሽ ዞሯል። ትንሽ ናት፣ ከላይ ሆኜ በአንድ ዓይኔ ሳይ አውታሩ ከበርኩማዋ መሃል ወደ ግራ ሸሽቷል። ያኔ መፍታት ነበረብኝ፤ በእጄ ገፋ ገፋ አድርጌ ወደ ቦታው መለስኩትና «አለቀ» አልኩ።

ቤት ገብቼ ጓሮ ውስጥ ለታናሽ ወንድሜ ላሳየው ብዬ ሳብኩት። ፍላጻ የለበትም፣ ዝም ብሎ ለፎቶ ነው። ጆሮዬ ጋ ሲደርስ አንድ «ቅጭ» የሚል ነገር ሰማሁ። አውታሩ በርኩማዋን ስቶ ወጣ፣ ክንፉ፣ ማለት ከመያዣው እስከ ጆሮው ያለው የሚታጠፈው ክፍል፣ ተገልብጦ ወደ ፊት ሄደ፣ ከዚያ እኔ እጅ ላይ የቀረው መያዣው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ግማሹ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ሰማን። እናቴ ከማድቤት ወጥታ መጀመሪያ ዓይኔን አየች፣ ሁለቱም እንዳሉ ስታረጋግጥ ነው መሳደብ የጀመረችው። አሁን ድረስ እንግዳ ሲመጣ ትተርከዋለች፣ በየጊዜው ትጨምርበታለች፤ ባለፈው ፋሲካ ቆርቆሮው ተበስቶ ነበር።

እና የሙቀቱን ጥያቄ፣ ቆርቆሮ ቤት ምንም አይለው። አውታሩን ፍታ፣ ከጣሪያው ራቅ አድርገህ በጨርቅ ጠቅልለህ ቁም ሣጥን ውስጥ አጋድመው። መኪና ውስጥ ግን በጭራሽ። ኢፖክሲው ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የተገተረ ከሆነ ደግሞ ዙሩን ይለምዳል። ፍላጻ ሳይኖርበት ስበህ እንዳትለቅ። ያ ሁሉ ጉልበት ፍላጻው ይዞት ካልሄደ ተመልሶ ክንፉ ውስጥ ነው የሚገባው። ከመሳብህ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ሁለቱን በርኩማ እያቸው። ሁልጊዜ።

---

ፍላጻዋ ከሀዋሳ፦

ሰባራ ቀስት እናትህን ሰላም በልልኝ 😄

ናዝሬቴው፣ እኔ ሀዋሳ ነኝ፣ ሁለት ቀስት አለኝ፣ አንዱ ቺንግ አንዱ ሚንግ። ሁለቱም ፋይበርግላስ። ስለዚህ ጥያቄህን ቀጥታ ልመልስ፤ ለመጀመሪያ ቀስት ሚንግ ግዛ።

ምክንያቱ ፍላጻው ነው። ሰው ሁሉ ቀስቱን ያያል፣ ፍላጻውን የሚያይ የለም። የቺንግ ረጃጅም ጆሮዎች ክብደት አላቸው። ስትለቀው ጉልበቱ መጀመሪያ እነሱን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ቀላል ፍላጻ ከሆነ ቀስቱ ለራሱ ጆሮ ሲለፋ ፍላጻው ሄዷል፣ የቀረው ጉልበት እጅህን ያንዘፈዝፈዋል። ከባድ ፍላጻ ስትሰጠው ግን ዝም ይላል፣ ቁጣው ሁሉ ወደ ፍላጻው ይገባል። ማንቹዎቹ ለዚህ ነው ረጅምና ከባድ ፍላጻ የያዙት። የጦር ፍላጻቸው አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ክብደቱ 100 ግራም የሚጠጋም አለ። ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኘው የካርቦን ፍላጻ 25 ወይም 30 ግራም ነው። አስበው፣ ሦስት እጥፍ ነው። እነሱ ከሩቅ ለመወርወር አልነበረም የሠሩት፣ ከፈረስ ላይ ሆነው ቀረብ ብለው አጥብቀው ለመምታት ነው።

ሚንግ የሚባሉት ውስጥ ጆሮው አጭርና ቀጭን የሆነው አለ። እሱ ቀላል ፍላጻ ይወዳል፣ ፈጣን ነው። የአክስትህ ልጅ ከጓንጁ ይዞት የሚመጣው ፍላጻ ምን ዓይነት እንደሚሆን እኔ ልንገርህ፣ ያገኘውን ርካሽ ካርቦን ነው። ከሚንግ ጋር ይስማማል። ከቺንግ ጋር እጅህን ያስለቅስሃል።

ስለ ጥንካሬ። የቺንግ ዘመን የጦር ፈተና ነበር፤ ወታደራዊ ሹመት የሚፈልግ ሰው በእግርና በፈረስ ሆኖ ይወረውራል፣ ከዚያ ለጉልበት ብቻ ጠንካራ ቀስት ይስባል፣ ከባድ ጎራዴ ያሽከረክራል፣ ድንጋይ ያነሳል። የጉልበት መለኪያው «ሊ» ይባላል፣ አንድ ሊ 6 ኪሎ ገደማ ነው። ፈተናው ላይ የሚሳቡት 8፣ 10 እና 12 ሊ ነበሩ። በፓውንድ አስበው፣ ትንሹ ከመቶ በላይ ነው። ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ወንዶች ይህን ያነቡና ራሳቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ። ያ የፈተናው ቀስት ነው ውዴ፣ የሚሳብ እንጂ ኢላማ የሚመታበት አይደለም፤ ሰዎቹም ከልጅነታቸው ጀምረው ነው። አንተ 30 ወይም 35 ፓውንድ ግዛ። 35 ማለት 16 ኪሎ ነው። ይበቃል። ብዙ የምትማረው በምትችለው ቀስት ነው።

---

አውራ ጣት፦

ፍላጻዋ፣ በጥንካሬው እስማማለሁ፣ በሚንጉ አልስማማም።

ልጁ ምን አለ? «ያንን ቀስት አይቼ ሌላ ሐሳብ የለኝም» ነው ያለው። ያየው ቺንግ ነው። ሚንግ ብታስገዢው በሦስት ወሩ ሌላ ሊገዛ ነው። ደግሞ ቀስቱ ረጅም ከሆነ የራሱን ጆሮ አሳልፎ ነው የሚስበው፣ አጫጭሮቹ ሚንጎች ላይ መጨረሻው ጋ ግድግዳ የመቱ ያህል ይደርቃሉ። ቺንግ እስከ መጨረሻው ልስልስ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ልስላሴ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱ እኮ የጠየቀው «እውነት የሠራዊቱ ነው ወይ» ብሎ ነው። በዚህ ጥያቄ ቺንግ ያሸንፋል። የጦር ፈተናው የተሻረው 1901 ላይ ነው። ጠመንጃ በየቦታው ደርሶ እንኳ ቀስት ሲፈተኑ ነበር። ስለዚህ የቺንግ ቀስት ብዙ ተርፏል፣ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ የሚለካ ነገር አለ፣ ሠሪው አሳስቶ ከሠራ «ይኸው ዋናው» ማለት ትችላለህ። ከሚንግ የተረፈው ግን በጣም ጥቂት ነው። የሚንግ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ከሥዕልና ከድሮ መጻሕፍት ተነስተው ያወጡት ነው። ማኦ ዩዋንዪ 1621 ላይ ያዘጋጀው ትልቅ የጦር መጽሐፍ አለ፣ ውስጡ የቀስት ሥዕል አለበት፣ ግን ከሥዕል ላይ ውፍረት አይለካም።

ፍላጻ ከባድ ይሁን ካልን ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፣ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ፍላጻ ያምጣለት። ለ35 ፓውንድ ቺንግ ከ30 እስከ 35 ግራም ቢሆን እጁ አያለቅስም። 100 ግራሙ ለዚያ ዘመን ጎረምሶች ነው።

---

ጋሽ ቀንዱ፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። እኔ በቀስት ሳይሆን በቀንድ የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ ዋንጫ ይሠሩ ነበር፣ እኔም በልጅነቴ ቀንድ ፍቄያለሁ። ዛሬ አዳማ ጡረታ ላይ ነኝ።

ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ወይም እሳት አጠገብ ይዘህ፣ ሲታጠፍ የፈለግከውን ቅርጽ ይሰጥሃል፣ ሲበርድ እንደያዘ ይቀራል። ቻይኖቹ ያንን ቀስት ላይ ማዋላቸው ገርሞኛል። ይህ አውራ ጣት የተባለው ልጅ ቀንዱ የውሃ ጎሽ ነው አለ። ለምን የበሬ አይሆንም? የራያ በሬ ቀንድ አይታችኋል? ክንድ ከስንዝር የሚሆን አለ። ጅማትም ቄራ ሞልቷል። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን አውታሩ ጅማት አልነበረም እንዴ? እና እዚሁ አገር መሥራት ለምን ያቅታል? ሙጫውስ ከምንድን ነው?

---

አውራ ጣት፦

ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። እርስዎን የመሰለ ሰው እዚህ ማግኘት ዕድል ነው።

የበሬ ቀንድም ይሆናል፣ ችግሩ ርዝመትና ቅጥነቱ ነው። አንድ ክንፍ ላይ ከመያዣው እስከ ጆሮው ድረስ ያልተቀጠለ አንድ ሰቅ ያስፈልጋል፣ ያውም ሳይጠማዘዝ። የውሃ ጎሽ ቀንድ ጠፍጣፋና ረጅም ስለሆነ በአንድ በኩሉ እንደ ጣውላ ተሰንጥቆ ይወጣል። የራያ በሬ በርዝመት አይታማም፣ ግን ክብና ጠምዛዛ ነው፤ እሱን ማቃናቱን እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል።

ሙጫው ከዓሣ የአየር ፊኛ ወይም ከቆዳ ተቀቅሎ ነው የሚወጣው። ካኦ ጎንግ ጂ የሚባል በጣም የቆየ የቻይና የእጅ ሥራ ጽሑፍ አለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ። ለቀስት ስድስት ነገር ያስፈልጋል ይላል። እንጨቱ ርቀት ይሰጠዋል፣ ቀንዱ ፍጥነት፣ ጅማቱ ፍላጻው ጠልቆ እንዲገባ ያደርገዋል፣ ሙጫው ያስማማዋል፣ ሐሩ ያጠብቀዋል፣ ላዩ ላይ የሚቀባው ቅብ ከውርጭና ከጤዛ ይጠብቀዋል። እንጨቱ በክረምታቸው፣ ማለት በብርዱ ወቅት፣ ይሰነጠቃል፤ ቀንዱ በጸደይ ይዘፈዘፋል፤ ጅማቱ በበጋ ይዘጋጃል፤ በመከር ሦስቱን ያጣምሯቸዋል። አንድ ቀስት ዓመት ይፈጃል የሚሉት ለዚህ ነው ጋሼ። ሙጫው በቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ መጠበቅ ነው።

ዛሬ ይህን የሚሠራ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ቤይጂንግ ውስጥ ጁ ዩዋን ሃዎ የሚባል የድሮ የቀስት ቤት አለ፤ ያንግ ፉሺ የተባለ ሰው ነው ከአባቱ ተቀብሎ ያዳነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ታክሲ ይነዳ ነበር። 2006 ላይ ሥራው በቻይና ብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ገብቷል።

---

ፍላጻዋ ከሀዋሳ፦

ጋሼ ሙጫው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሀዋሳ ልጅ ስለሆንኩ ዓሣ ሲባል ዝም አልልም። የዓሣ ሙጫ ሲደርቅ ኃይለኛ ነው፣ ግን እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ማንቹዎቹ ጀርባውን በዛፍ ቅርፊት የሚለብዱት ጅማቱንና ሙጫውን ከእርጥበት ለመጠበቅ ነው። ሐይቁ ዳር ክረምት ላይ ጫማ ሻጋታ ያወጣል፤ እውነተኛ የቀንድ ቀስት እዚህ ይዤ ብኖር ጓሮዬ ውስጥ ለእሱ ሌላ ቤት መሥራት ነበረብኝ። እኔ ፋይበርግላሴን አልቀየርም። ጋሼ እርስዎ አዳማ ደረቅ አየር ላይ ቢሞክሩት ይሻላል።

ናዝሬቴው፣ ቀለበቱን ረሳነው። የምትስበው በአውራ ጣት ከሆነ ፍላጻው በቀስቱ ቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው፣ ፊልም ላይ እንደምታየው በግራ አይደለም። ለቀኝ እጅ ሰው ማለቴ ነው። ቀለበት በኢንተርኔት ልኬት አትግዛ። ጣትህ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነ ቀለበት ከሰዓት አልወጣ ይላል፣ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ስትለቅ ከፍላጻው ጋር ይበራል። እኔ መጀመሪያ ምን አደረግሁ፣ ጫማ ሰፊ ጋ ሄጄ ወፍራም የቆዳ ቁራጭ በአውራ ጣቴ ልክ አሰፋሁ። ሰውየው «ለምንድን ነው?» አለኝ፣ «ለቀስት» ስለው ገንዘብ አልቀበልም አለ፣ መጥቶ ማየት ብቻ ፈለገ። ስድስት ወር በእሱ ነው የወረወርኩት።

---

ናዝሬቴው፦

ጉድ ነው፣ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ትምህርት ቤት ገባሁ። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሽ ቀንዱ፣ አዳማ ከሆኑ አንድ ቀን ቡና ልጋብዝዎትና ቀንድ እንዴት እንደሚታጠፍ ቢያሳዩኝ።

ዛሬ ቴክኒሻኑን በስልኬ መተርጎሚያ ጠየቅሁት። የሱ ቀስት 55 ፓውንድ ነው። ያን ነው «ሞክር» ብሎ የሰጠኝ! በ30 ነው የጀመረው፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። ከዚያ እጄን ያዘና የትከሻዬን አጥንት በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ «ከዚህ ነው የሚሳበው» ማለቱ ነው። ያለ ቀስት ባዶ እጄን አስር ጊዜ አስደገመኝ። ደክሞኛል፣ ያለ ምንም።

የስበት ርዝመቴንም በልብስ ሰፊ ሜትር ለካኝ፣ ጆሮዬን አልፎ ሲሆን 82 ሴንቲ። ስለዚህ ቺንግ፣ 35 ፓውንድ፣ ከቀርከሃ ፍላጻ ጋር ነው ያዘዝኩት። ፍላጻዋ ይቅርታ፣ ሚንጉን በሚቀጥለው።

---

ፍላጻዋ ከሀዋሳ፦

«በሚቀጥለው» አለ እንዴ። አለቀልህ 😄 የአክስትህ ልጅ ትኬት ሳይቆርጥ ግን ጉምሩክ ጠይቁ፣ አየር መንገዱንም፣ ጭነት ውስጥ እንጂ በእጅ ሻንጣ አይሆንም።

---

ሰባራ ቀስት፦

የምትወረውርበት ቦታ ላይም አስብ። ከኋላ ግንብ ይኑር፣ ሰው የሚያልፍበት አይሁን። ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ አቁም፣ የአዳማ ነፋስ ለእነዚያ ኮረብታው ላይ ለተተከሉት ተርባይኖች ነው የሚመቸው። ረጅም ላባ ያለው ፍላጻ ይዞት ይሄዳል፣ ያውም ወደ ጎረቤት።

---

ናዝሬቴው፦

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ። ቀስቱ መጣ!!! ያምራል። ጥቁር ነው፣ መያዣው ቡሽ ነው፣ በርኩማዎቹ እንጨት። ሰባራ ቀስት፣ ከመግተሬ በፊት ሁለቱንም አየሁ፣ ምያለሁ።

ግን ተበልቻለሁ መሰለኝ። ላዩ ላይ 35 ፓውንድ ተብሎ ተጽፏል። ሰፈራችን ያለው የሽንኩርት ነጋዴ ጋ ሄጄ መያዣውን ከመንጠቆ ሚዛኑ ላይ ሰቅለን አውታሩን ወደ ታች ሳብኩት። ሰው ተሰበሰበ። ሚዛኑ 12 ኪሎ እንኳ አልሞላም። 35 ፓውንድ 16 ኪሎ አይደል? ነጋዴው «ሚዛኔ ትክክል ነው፣ ሽንኩርቱን ጠይቅ» ይላል። ሻጩን ልከራከረው ወይስ ልተወው?

---

አውራ ጣት፦

እንኳን ደስ አለህ። ከመከራከርህ በፊት ግን፣ ስንት ሴንቲ ድረስ ስበህ ነው የመዘንከው? የተጻፈው 35 ፓውንድ በአንድ ልክ ላይ ነው፣ ለእነዚህ ብዙ ጊዜ 32 ኢንች፣ 81 ሴንቲ ማለት ነው። መያዣው አጠገብ ወይም ክንፉ ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ እየው። እያንዳንዷ ኢንች ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ፓውንድ ትጨምራለች።

---

ናዝሬቴው፦

አየሁት። 32 ይላል።

እኔ የሳብኩት ሰው ስለሚያየኝ አፍሬ ትንሽ ነበር። አሁን ተመልሼ ሄጄ በሜትር አስለክቼ ሳብኩ፤ ያኔ ያቆምኩት 70 ሴንቲ ጋ ነበር። 81 ላይ 15 ኪሎ ተኩል። ነጋዴው «ነገርኩህ» ብሎ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አስገዛኝ።